የሞተር ሳይክል ካቴና ምን ያህል ይወጠር?

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ለክረምት እረፍት ወደ ከሚሴ በሄድኩ ጊዜ የሠራሁት አንድ ስህተት ነው። ሲታይ ትልቅ ነገር አይደለም፤ አንድ ዳዶ ከሚገባው በላይ ግማሽ ዙር ያህል ማዞሬ ነው። ያስከተለው ጣጣ ግን ቀላል ስላልነበረ ለትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ይጠቅም ይሆናል በማለት እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ። የተሳሳትኩት ነገር ካለ መምህሮቻችን እንደሚያርሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንደሚታወቀው እኛ ወርክሾፕ ውስጥ ጊዜያችንን የምናሳልፈው ከመኪና ጋር ነው። ካምቢዮ እናወርዳለን፣ ፍሪሲዮን እንቀይራለን፣ የቫልቭ ክፍተት እንለካለን። የሞተር ሳይክል ካቴና ግን እንደ ትምህርት የሚቆጠር አይመስለንም። የሰፈር ልጅ ሁሉ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ የሚያስተካክለው ነገር ነዋ! እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ 325 ኪ.ሜ. ገደማ ርቃ ትገኛለች። ዞኑ በስተምሥራቅ ወደ አፋር የሚወርድ ቆላ፣ በስተምዕራብ ደግሞ ዳገትና ተራራ ያለው ሲሆን፣ መሃል ላይ ቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቷል። አስፋልቱ ላይ አውቶቡስና ሚኒባስ አለ። ከተማ ውስጥ ባጃጅ አለ። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ወዳሉት ቀበሌዎች ግን በብዛት የሚደርሰው ሞተር ሳይክል ነው። የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው በሞተር ነው። ጆንያ እህል፣ ጫት፣ ፍየል ሳይቀር በሞተር ይጫናል። እሁድ ለሰንበቴ ገበያ፣ ሰኞ ለባቲ ገበያ የሚንቀሳቀሰውን ሰው ያየ፣ ሁለት ሰው እንዲይዝ በተሠራ ሞተር ላይ ሦስት ሰውና አንድ ጆንያ ማየት አያስገርመውም። ትክክል ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚሠራው ግን እንደዚያ ነው። የካቴናው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ጭነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው ማንሳቴ።

በነገራችን ላይ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ የሚልከው በካቴና ሳይሆን በዘንግ ነው። ስለዚህ የባጃጅ ጥገና በደንብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ካቴና ያውቃል ማለት አይቻልም። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ታላቅ ወንድሜ በእቁብ ገንዘብ የገዛት አንዲት ባለ 150 ሲሲ ሞተር አለችው፤ ሰው እያመላለሰ የሚተዳደረው በሷ ነው። እኔ በደረስኩ በሁለተኛው ቀን ካቴናዋ ሽፋኑን እየመታ ካካካካ ይል ነበር። ወንድሜም፡- «አንተ ኮሌጅ የገባኸው ለምንድን ነው? እስቲ ይቺን ነገር ዝም አስብላት!» አለኝ። እኔም ኩራት ቢጤ ተሰማኝና ቁልፍ አምጥቼ ሞተሯን በመሃል ማቆሚያዋ አቆምኳት። የኋላውን ፔርኖ ዳዶ አላላሁ፤ ግራና ቀኝ ያሉትን ማስተካከያ ዳዶዎች እያፈራረቅሁ አጠበቅሁ። ካቴናው እንደ ክራር ክር ተወጠረ። ወንድሜ አንድ ዙር ነድቶ ሲመለስ ጩኸቱ ጠፍቷል። «አሁን ገና ተማርክ!» አለኝ። ሜትር አልያዝኩም፣ መጽሐፍ አላየሁም፤ የለካሁት በጆሮዬ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ቀን፣ ከሰንበቴ ገበያ አንድ ሰውና አንድ ጆንያ ጭኖ ሲመለስ ዳገት ላይ ካቴናው ተበጠሰ። የተበጠሰው ካቴና የፊቱ ጥርስ ላይ ተጠምጥሞ የኢንጂኑን ካሳ ሰነጠቀው፤ ጎማውም ተያዘ። ሁለቱም ወደቁ። ወንድሜ ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ፤ ተሳፋሪው ትከሻው ወለቀ። አላህ ጠብቋቸው ከኋላ የሚከተል መኪና አልነበረም። ሞተሯ ግን ካሳዋ እስኪገኝ አንድ ወር ከግማሽ ቆመች። እቁቡ ደግሞ አይቆምም።

ሞተሯን የፈቷት በሰፈራችን ረጅም ዘመን ሞተር ሳይክል ሲሠሩ የኖሩ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ብዙ አይናገሩም። የፊቱን ጥርስ የሚሸከመውን ዘንግ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወዲህ ወዲያ ሲያደርጉት ይንቀሳቀሳል፤ ኩሽኔታው ተበልቷል ማለት ነው። በዘይት መከላከያው ጎማ ዙሪያ ዘይት አንጠባጥቧል። ከዚያ ካቴናውን መሬት ላይ ዘርግተው እያዩት፡- «ይሄን ያጠበቀው ማን ነው?» አሉ። ወንድሜ «ካቴናው አርጅቶ ነው ጋሼ» አላቸው። እኔ ዝም አልኩ።

ካቴናው ማርጀቱም እውነት ነው። ጥፋቱ ሁሉ የኔ ነው ብዬ መማል አልችልም። ነገር ግን ወደ ኮሌጅ ስመለስ ነገሩ ስላልወጣልኝ ወረቀትና ካልኩሌተር ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው የዚያ ውጤት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ካቴና ለምን መላላት ያስፈልገዋል የሚለው ነው። ብዙ ሰው ልልነት የእርጅና ምልክት ይመስለዋል። አይደለም። የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ ከሻሲው ጋር የተያያዘበት ማጠፊያ አለው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ክንዱ በዚያ ማጠፊያ ላይ እየዞረ ይወጣል፣ ይወርዳል። የካቴናው የፊት ጥርስ ግን ያለው ማጠፊያው ላይ ሳይሆን ከሱ ፊት ለፊት፣ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ስላልሆኑ ክንዱ ሲንቀሳቀስ በፊትና በኋላ ጥርስ መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል። ርቀቱ ከሁሉ የሚረዝመው የፊቱ ጥርስ መሃል፣ ማጠፊያውና የኋላው ፔርኖ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሲውሉ ነው። ሞተሯ ባዶ ስትሆን ክንዱ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይቀመጣል፤ ሰውና ጆንያ ሲጫንባት አሞርዛተሩ ሞላ ይጨመቅና ክንዱ ወደዚያ ቀጥታ መስመር ይጠጋል። በሌላ አነጋገር ካቴናው የሚወጠረው ሞተሯ ስትጫን ነው። ባዶዋን ቆማ የሚታየው ልልነት ትርፍ አይደለም፤ ለጭነት የተቀመጠ ነው።

ምን ያህል ይረዝማል? የወንድሜን ሞተር ለክቼ ቁጥሮቹን ክብ አድርጌ ወስጃለሁ። ከፊቱ ጥርስ መሃል እስከ ማጠፊያው 60 ሚ.ሜ.፣ ከማጠፊያው እስከ ኋላው ፔርኖ 500 ሚ.ሜ. እንበል። ሦስቱ በአንድ መስመር ሲውሉ ርቀቱ 560 ሚ.ሜ. ይሆናል። ክንዱ 7 ዲግሪ ዘንበል ሲል በኮሳይን ሕግ ብናሰላው 559.6 ሚ.ሜ. ይመጣል። ልዩነቱ 0.4 ሚ.ሜ. ብቻ ነው። እኔም መጀመሪያ ሳየው «ለዚህ ነው እንዴ?» ብዬ ነበር።

ነገር ግን 0.4 ሚ.ሜ. ካቴና ላይ ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። ልልነት የምንለካው በታችኛው የካቴና መስመር መሃል ላይ፣ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ስንገፋው በሚሄደው ርቀት ነው። ልልነቱ 30 ሚ.ሜ. ከሆነ ካቴናው ከቀጥታው መስመር 15 ሚ.ሜ. ወደ ላይ፣ 15 ሚ.ሜ. ወደ ታች ይሄዳል። ይህን በፒታጎራስ ብናሰላው ካቴናው ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው 0.8 ሚ.ሜ. ገደማ ብቻ ነው። የኋላው ፔርኖ 0.4 ሚ.ሜ. ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ የላይኛውም የታችኛውም መስመር በየፊናው 0.4 ስለሚረዝሙ በድምሩ 0.8 ይሆናል። አያችሁ? ያ በዓይን የሚታየው 30 ሚ.ሜ. ልልነት፣ ሞተሯ ስትጫን ሙሉ በሙሉ ያልቃል። ዝንባሌው 10 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሚያስፈልገው ልልነት 43 ሚ.ሜ. ገደማ ይመጣል። ለዚህ ነው ክንዳቸው ብዙ የሚወጣና የሚወርድ የገጠር መንገድ ሞተሮች ከአስፋልት ሞተሮች የበለጠ ልልነት የሚታዘዝላቸው።

አሁን ወደ ዳዶው እንምጣ። የማስተካከያው ቡሎን ባለ 8 ሚ.ሜ. ከሆነ የተለመደው የጥርስ እርምጃው 1.25 ሚ.ሜ. ነው፤ ባለ 6 ከሆነ 1 ሚ.ሜ. ነው። አንድ ሙሉ ዙር ማለት ፔርኖውን ይህን ያህል ወደ ኋላ መሳብ ማለት ነው። ስለዚህ በባለ 8 ቡሎን ልልነቱን ከ40 ወደ 30 ሚ.ሜ. ለማምጣት የሚያስፈልገው ሩብ ዙር ነው። ከ30 ሚ.ሜ. ወደ ዜሮ ለማድረስ ደግሞ የዙር አንድ ሦስተኛ ይበቃል። እኔ ያን ቀን ጆሮዬን ደስ እስኪለው ድረስ ስንት ጊዜ እንዳዞርኩ አላስታውስም፤ ከግማሽ ዙር ግን አላነሰም። ልቤ የደነገጠው እዚህ ላይ ነው። እኔ ማስተካከያ የመሰለኝ ነገር ጠቅላላው ክልል የሩብና የሲሶ ዙር ጉዳይ ኖሯል።

ልልነቱ አልቆ ክንዱ ገና መውጣት ሲፈልግ ምን ይሆናል? አንድ ነገር መሸነፍ አለበት። ካቴናው የአሞርዛተሩን ሥራ ይቀማል፤ የመንገዱ ምት በሙሉ በፊት ጥርስ ዘንግና ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። ይህ ደግሞ ኢንጂኑ ራሱ ከሚስበው በተጨማሪ ነው። ለምሳሌ፡- ኢንጂኑ 10 ኒውተን ሜትር ቢሰጥ፣ የመጀመሪያው ቅነሳ 3.5፣ አንደኛ ማርሽ 2.8 ቢሆን ፊት ጥርስ ላይ 98 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ባለ 14 ጥርስ፣ 428 ቁጥር ካቴና የሚሸከም የፊት ጥርስ ራዲየሱ 28.5 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። ሲካፈል 3,400 ኒውተን ያህል፣ ማለትም ሦስት ተኩል ኩንታል ገደማ ይመጣል። በአንደኛ ማርሽ ዳገት የምትወጣ ትንሽ ሞተር ካቴና ላይ ሦስት ተኩል ኩንታል ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በዚህ ላይ የውጥረቱን ትርፍ ጨምሩበት። ጋሼ በሁለት ጣታቸው ያወዛወዙት ዘንግ ታሪኩ ይሄው ነው።

ከመጠን በላይ የላላ ካቴናም ይጎዳል፤ ሽፋኑንና ክንዱን ይመታል፣ ጋዝ ሲሰጥና ሲቀነስ ይነጥቃል፣ ሲብስ ከጥርሱ ዘሎ ይወርዳል። የወረደ ካቴና ጎማ ሊይዝ ይችላልና ቀልድ አይደለም። ልዩነቱ ግን ይሄ ነው፡- የላላው ይጮሃል፣ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል። የጠበቀው ዝም ብሎ ነው የሚበላው። ወንድሜ ዝም አስብላት ሲለኝ የጠየቀኝ፣ ሳያውቀው፣ ማስጠንቀቂያውን እንዳጠፋለት ነበር።

ቀጥሎ «ካቴና ተሳበ» ስለሚባለው ነገር ጥቂት ልበል። ዛሬ የምንጠቀምበትን ባለ ሮለር ካቴና ትውልዱ ስዊዘርላንዳዊ የሆነው ሃንስ ሬኖልድ እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ነው የፈለሰፈው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ፒን፣ ፒኑ የሚዞርበት ቡሽ፣ ከላይ ደግሞ ጥርሱ ላይ የሚያርፍ ሮለር አለው። የካቴናው ብረት እንደ ጎማ አይሳብም። የሚበላው ፒኑና ቡሹ ነው፤ በየመጋጠሚያው ትንሽ ትንሽ ክፍተት ይፈጠርና ይደመራል። 428 ቁጥር ካቴና ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚ.ሜ. ነው። 118 መጋጠሚያ ያለው ካቴና በየመጋጠሚያው 0.1 ሚ.ሜ. ብቻ ቢበላ በጠቅላላው 11.8 ሚ.ሜ. ይረዝማል። ማርጀቱን ለማወቅ ካቴናውን ወጠር አድርጎ 21 ፒን መቁጠርና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መለካት ነው። በመካከሉ 20 ክፍተት ስላለ አዲሱ 254 ሚ.ሜ. ይሆናል። ብዙ የጥገና መጻሕፍት 259 ሚ.ሜ. ሲደርስ ቀይሩ ይላሉ፤ ሁለት በመቶ መሆኑ ነው። ከዚያ ያለፈን ካቴና እያጠበቁ መንዳት ያረጀን ገመድ በአዲስ ቋጠሮ ማቆየት ነው። የኔን ስህተት ያከፋውም ይሄ ነው፤ የወንድሜን ካቴና ከማጥበቄ በፊት 21 ፒን ብቆጥር ኖሮ ማጥበቅ ሳይሆን መቀየር እንደሚያስፈልገው አውቅ ነበር።

ካቴና ሲቀየር የፊቱና የኋላው ጥርስም አብሮ መታየት አለበት። ያረጀ ጥርስ ጫፉ እንደ ማጭድ ወደ አንድ ጎን ይታጠፋል። በእኛ አካባቢ ገንዘብ ለመቆጠብ ካቴናውን ብቻ ቀይሮ ጥርሱን መተው የተለመደ ነው። ችግሩ አዲሱ ካቴና ከአሮጌው ጥርስ ጋር ስለማይገጥም ቶሎ ያረጃል፤ ወጪው ሁለት ጊዜ ይሆናል። ወንድሜን ለማሳመን ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

የጨፋን አቧራና ጭቃ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጥቁሩ ዋልካ ጭቃ ካቴና ላይ ተለጥፎ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። አንዳንድ አሽከርካሪዎች ከኢንጂን የወጣ የተቃጠለ ዘይት ያፈሱበታል። ርካሽ ነው፤ ግን የኢንጂኑን ቆሻሻና ብናኝ ብረት ይዞ ነው የሚመጣው። ሌሎች ደግሞ ወፍራም ግሪስ ይቀቡታል። ግሪስ ውጭ ይቀርና አሸዋ ይሰበስባል እንጂ ፒኑ ጋ አይደርስም። የሚሻለው በነጭ ጋዝና በብሩሽ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ከጉዞ መልስ ገና ሞቅ እንዳለ የካምቢዮ ዘይት (80/90) በታችኛው መስመር ከውስጥ በኩል ጠብ ጠብ ማድረግና ትርፉን በጨርቅ መጥረግ ነው። በየመጋጠሚያው የጎማ ቀለበት ያለው ካቴና ከሆነ ቤንዚን አይነካውም፤ ቀለበቱን ያበላሸዋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በእርዳታ ድርጅቶች ዘንድ የሚታወቀው ያማሃ ኤጂ 100 ካቴናው ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ነው። ለአቧራ ግሩም መላ ነው። ብቻ የማይታይ ነገር ይረሳልና፣ ሽፋኑን ከፍቶ ለማየት ቀን መቁረጥ ያስፈልጋል።

አሁን አሠራሩን ልግለጽ። ከሁሉ በፊት ኢንጂኑ ይጥፋ። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። ኢንጂን አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ በሚዞር ካቴና ላይ ጨርቅ መያዝን የመሰለ እብደት የለም፤ ጨርቁ ሲጠለፍ ጣት ተከትሎ ይገባል። ጎማው በእጅ ነው የሚዞረው።

ካቴና ሁሉም ቦታው እኩል አያረጅም። ስለዚህ ጎማውን ቀስ እያደረጉ እያዞሩ በአራት ወይም በአምስት ቦታ ልልነቱን መለካትና ከሁሉ የጠበቀውን ቦታ ማግኘት ያስፈልጋል። የሚስተካከለው እዚያ ቦታ ላይ ነው። በላላው ቦታ ካስተካከላችሁ የጠበቀው ዞሮ ሲመጣ እንደኔው ክራር ሆነ ማለት ነው። ልኩ ከሞተሯ መጽሐፍ ይወሰዳል፤ መጽሐፉ ከሌለ ብዙ ጊዜ ክንዱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ለብዙ ትንንሽ የመንገድ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚ.ሜ. ይታዘዛል፤ ለገጠር መንገድ ለተሠሩት ከዚያ ይበልጣል። መጽሐፉ በየትኛው ማቆሚያ ላይ ቆማ ትለካ እንደሚልም ማየት ይገባል፤ በጎን ማቆሚያና በመሃል ማቆሚያ የሚገኘው ልክ አንድ አይደለም። ሜትር የሌለው ሰው ሁለት ጣት ይላል። የማን ሁለት ጣት? የኔ 35 ሚ.ሜ. ነው፤ የጋሼ ከ40 ያልፋል። በጣት የምትለኩ ከሆነ መጀመሪያ ጣታችሁን በማስመሪያ ለኩት።

የፔርኖው ዳዶ ኮፒሊያ ካለው ይወጣል፤ ዳዶው ይላላል። የኋላው ፍሬን የከበሮ ዓይነት ከሆነ የፍሬኑን ሳህን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ ዳዶ ላላ ማድረግ አይዘንጋ። ከዚያ የማስተካከያውን ዳዶ ግራና ቀኝ እኩል፣ በሩብ ዙር፣ ከዚያም በታች እያዞሩ በየጊዜው መለካት ነው። ክንዱ ላይ ያሉት ምልክቶች ሁልጊዜ አይታመኑም፤ ወድቃ የተነሳች ሞተር ላይማ ጭራሽ። እኔ አሁን የማደርገው ከማጠፊያው መሃል እስከ ፔርኖው መሃል ድረስ በማይለጠጥ ሲባጎ ግራውን ለክቼ በቀኝ ማመሳከር ነው። ሁለቱ ካልተካከሉ ጎማው ጠመም ይላል፤ ካቴናውም ጥርሱን በጎን ይበላል።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ዳዶው ሲጠብቅ የሚሆነው ነው። በጥንቃቄ ያስተካከላችሁት ልክ የፔርኖውን ዳዶ ስታጠብቁ ይቀየራል፤ ፔርኖው ትንሽ ስለሚንሸራተት ነው። የዙር አንድ ሦስተኛ ሁሉን ነገር በሚቀይርበት ሥራ ላይ ትንሽ የሚባል መንሸራተት የለም። ጋሼ የሚያደርጉት ዘዴ አለ። የታጠፈ ጨርቅ በካቴናውና በኋላው ጥርስ መሃል ያስገቡና ጎማውን በእጃቸው ወደ ኋላ ያዞሩታል። ጨርቁ ሲነክስ ካቴናው ጎማውን ወደ ፊት ስቦ ፔርኖውን ከማስተካከያዎቹ ጋር ያጣብቀዋል። እንደዚያ ተይዞ ዳዶው ይጠብቃል። ጨርቁ ከወጣ በኋላ እንደገና ይለካል። ኮፒሊያው አዲስ ይሁን፤ የቆየውን መልሶ ማጠፍ አይገባም። የመጋጠሚያው ክሊፕ ያለው ካቴና ከሆነ የክሊፑ የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞሩም ይታይ። ጎማው ወደ ኋላ ስለሄደ የኋላው ፍሬን ጨዋታም ተለውጧል፤ ፔዳሉና የፍሬን መብራቱ ሳይታዩ መንገድ መውጣት የለም።

ለእኛ አካባቢ እጅግ አስፈላጊ የምለው የመጨረሻውን ሙከራ ነው። መጻሕፍቱ ላይ ሁሉ አይገኝም። ሞተሯን ከማቆሚያው አውርዳችሁ በቀን በቀን የምትጭነውን ያህል ሰው አስቀምጡባት። ከሚሴ ላይ ልጆች መጥራት ነው፤ ሞሉልህ! አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ የታችኛውን መስመር በጣቱ ይሞክር። ልልነቱ ያንሳል፤ ግን መኖር አለበት። ካቴናው ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ባዶዋን የለካችሁት ቁጥር ምንም ያህል ቢያምር ጠብቋል። ሁልጊዜ ከባድ የምትጭን ሞተር ከታዘዘው ክልል ወደ ላላው ጫፍ ብትጠጋ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። መምህሮቼ በዚህ ላይ ሌላ ሐሳብ ቢኖራቸው ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ይህን ጽሑፍ ለቡለቲኑ ከመስጠቴ በፊት ለወንድሜ ስልክ ደወልኩለት። ያን ቀን ካቴናውን ከልክ በላይ ያጠበቅሁት እኔ መሆኔን፣ ጋሼ ሲጠይቁም ዝም ማለቴን ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ።

«እኔ መች ጠፋኝ» አለኝ ኋላ። «ጋሼ ሲጠይቁ ፊትህን አይቼዋለሁ። እኔም እኮ ዝም አስብላት ብዬሃለሁ።» ከዚያ ወዲያው፡- «አዲሱን ታዲያ ስንት ላድርገው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«መጽሐፏ ከ25 እስከ 35 ይላል። አንተ 35 አድርገው። በሚሊ ሜትር ነው፣ በማስመሪያ።»

«ካካካ ካለስ?»

«ይበል። ሁለት ሰው አስቀምጥና እንደገና ለካው።»